ያልጠየቀው ኮምፒውተር

ሰውየው ከሦስተኛው ክፍል በር ፊት ለፊት፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። አንድ ሰው ካፖርቱን አውልቆ እስከ ደረቱ አልብሶታል። ፊቱ ላይ ቁስል የለም፤ ፍርሃትም የለም። እንቅልፍ ወስዶት ማንም ሊቀሰቅሰው ያልፈለገ ይመስላል።

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። እናቷን ከቀበረች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። አለቆቿ ዕረፍት ውሰጂ ብለዋት ነበር፤ ቤት መዋልም ቢሮ መዋልም አንድ ሆነባትና በአራተኛው ቀን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የምትበላው አይጥማትም፣ የሚነግሯት ነገር ከሩቅ ነው የሚሰማት። ሥራውን ግን እጇ ያውቀዋል። አሁንም ሬሳ እያየች ምንም እንዳልተሰማት ልብ አለችና ተነሳች።

«ካፖርቱን ማን አለበሳቸው?»

«የማሸጊያው አለቃ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ጎትቶ ያወጣቸውም እሱ ነው። ትንፋሹን ይዞ ነው አሉ የገባው።»

ቦታው የፖም ማቆያ ነው። አምስት ግዙፍ ቀዝቃዛ ክፍሎች በአንድ ረጅም ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። ፖሙ ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ ከየክፍሉ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ይቀነስና በናይትሮጅን ይተካል። ሰው እዚያ አየር ውስጥ ከገባ አይታፈንም፣ አይጮህም፤ ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ጉልበቱ ይከዳዋል። ለዚህ ሲባል ከየበሩ በላይ መብራት አለ። ቀይ ሲሆን በሩ ለአደጋ ጊዜ በተሠራው ማንሻ ካልሆነ አይከፈትም። አየሩ ተለውጦ ለሰው ሲበቃ አረንጓዴ ይበራና ይከፈታል።

«ጠዋት መብራቱ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«አየሩስ?»

«በኋላ በእጅ መለኪያ ሲለካ አምስት በመቶ ኦክስጅን ነው የተገኘው። ሃያ አንድ ገደማ መሆን ነበረበት።» ሥራ አስኪያጇ ስልኳን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ክፍሎቹን በሙሉ የሚቆጣጠር አንድ ሰርቨር አለን። ኢንጂነራችን የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ከቤቱ ሆኖ መዝገቡን አየልኝ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ሰው በርቀት ገብቶ የሦስተኛውን ክፍል መለኪያ ነካክቷል። ከእውነተኛው ልክ አሥራ አምስት ጨምሮ እንዲያሳይ አድርጎታል። አምስቱ ሃያ መሰለ፣ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ።»

«ማነው የገባው?»

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው ይላል። በስማቸው፣ በኮምፒውተር መግቢያ ቁልፋቸው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ራሳቸውን አጥፍተው ይሆን እንዴ? እኔ እንጃ።»

ሟቹ የማቆያው ቴክኒሻን ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ዝግታ» ነው የሚለው። ብሎን ሲያጠብቅ እንኳ ሦስቴ ካልፈተሸ አይለቅም። መርማሪዋ ሰሞኑን የተለየ ነገር ታይቶባቸው እንደሆነ ጠየቀች።

«ትናንት ደውለው ሐሙስ ዕለት ሁላችሁንም ሰብስቢልኝ አሉኝ። ስለዚያች ልጅ የምናገረው አለኝ አሉ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሞተች የማሸጊያ ሠራተኛ ነበረች። ሳይፈቀድላት ገብታ ነው ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል። የማሸጊያው አለቃ እህት ናት።»

«ይህን ስብሰባ ለማን ነገሩ?»

«ለሁለቱም። ለአለቃውም ለኢንጂነሩም መልእክት ላክሁ። ሌላ የሚመለከተው ሰው የለም።»

«እርስዎስ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባሉ?»

«እኔ ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ አልችልም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ግቢ ውስጥ ከስምንት ሹፌሮች ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።»

ሹፌሮቹ ተጠየቁ፤ እውነት ነው አሉ።

መርማሪዋ መዝገቡን በሰው አፍ ሳይሆን በራሷ ዓይን ማየት ፈለገች። በኮምፒውተር ወንጀል ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመግቢያ ፈቃድ አሰጥታ የራሷን ላፕቶፕ በሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ማሽኑ ወዲያው አላስገባትም። ይህን ሰርቨር ከዚህ በፊት አላውቀውም፣ መለያ አሻራው ይኸውና፣ ልቀጥል ወይ ሲል ጠየቃት። ከሥሩ የተዘበራረቁ ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረዋል።

«አዎ ይበሉትና ይለፉ» አለች ሥራ አስኪያጇ ከትከሻዋ በላይ እያየች። «ኢንጂነሩ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሳላረጋግጥ አዎ ካልኩ ከማን ጋር እንደማወራ አላውቅም። የሚጠይቀው አንዴ ነው። አንዴ አዎ ካልኩት ስሙን መዝግቦ ይይዛል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም።»

ሰርቨሩ ወዳለበት ጠባብ ክፍል ሄደች። በብረት ሳጥኑ ጎን ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ አሻራው ፊደል በፊደል። የጋሽ ዝግታ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ሥራ አስኪያጇ ነገረቻት። አስተያየችው፤ አንድ ነው። ተመልሳ አዎ አለችና ገባች።

በዚያ ጠዋት በቴክኒሻኑ ስም ሁለት መግቢያ ነበር። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከራሱ ላፕቶፕ። የሦስተኛው ክፍል አየር እየተቀየረ መሆኑን አይቷል፣ የመለኪያው ማስተካከያ ዜሮ መሆኑን አረጋግጧል፣ ወጥቷል። ሁለተኛው ከስምንት ደቂቃ በኋላ፣ ከማሸጊያ አዳራሹ ኮምፒውተር። ማስተካከያውን ቀይሮ በአርባ ሰከንድ ወጥቷል።

እያንዳንዱ ቁልፍም የራሱ አሻራ አለው፤ መዝገቡ የተጠቀሙበትን ቁልፍ አሻራ ይጽፋል። የሁለቱን መግቢያዎች አሻራ አነበበች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ገለበጠችና ኪሷ ከተተችው።

የማሸጊያ አዳራሹ ጭር ብሏል። ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ተሸኝተው አለቃቸው ብቻ ባዶ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከባዱን በር ሲጎትት መዳፉ ተልጧል፤ ያሰረለት ሰው የለም።

«የሞተችው ልጅ እህትህ ናት?»

«ታላቄ። እናትም አባትም የሆነችኝ እሷ ናት።»

«እሷን የገደላት የቴክኒሻኑ ጥፋት ነው ትል ነበር?»

«እህቴ በቀይ መብራት አትገባም። መብራቱ ደግሞ የእሱ ሥራ ነው።» ድምፁ አልተለወጠም። «ሁለት ዓመት አላነጋገርኩትም። በየጠዋቱ እንደምን አደርክ ይለኛል፣ አልመልስለትም። አላቆመም ግን።»

«ብቸኛው የእጅ መለኪያ ዛሬ አንተ ጋ ነበር።»

«የጭነት ቀን ነው፣ ልጆቼ አንደኛው ክፍል ይገባሉ። በጭነት ቀን መለኪያው ሁልጊዜ እኛ ጋ ነው። እናንተ ትበዛላችሁ ብሎ በሰው ይልክልናል።»

«ራሱ አያመጣውም?»

«ከእጁ አልቀበልማ።»

«እንዲህ ከነበራችሁ ነፍስህን ይዘህ ለምን ገባህ?»

ሰውየው የተላጠ መዳፉን አየ። «እግሩ ይታይ ነበር» አለ።

ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቆሟል። ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው።

«የሳጥን ወረቀት ያትማል። ኮዱን በማንበቢያው እናስነብበዋለን፣ ያትማል። ሌላ ነገር አያውቅም።»

«የክፍሎቹን ሰርቨር አያገኝም?»

«ኧረ ከዚያ ጋር ምን አገናኝቶት። የሚጽፍበትም የለም። ኪቦርዱ ሙጫ ፈሶበት ከተነቀለ ዓመት አልፎታል፤ ያው እዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ።» ቀና ብላ አየችው። ገመዱ ተጠቅልሎ ታስሮበታል፣ አቧራው ጣት ያጽፋል። «ችግር ሲመጣ ለኢንጂነሩ እንደውላለን፣ ከቤቱ ሆኖ ያስተካክለዋል» ሲል ጨመረ።

ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ ኪቦርድ አስመጥታ ሰካችበት። ጠዋት በራሷ ላፕቶፕ የጻፈችውን ያንኑ ትእዛዝ ጻፈችና ጥያቄውን ጠበቀች፤ አላውቀውም፣ ልቀጥል ወይ የሚለውን።

አልጠየቃትም። ቀጥታ ቁልፍ የለሽም ብሎ መለሳት።

ይህ የወረቀት ማተሚያ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ያውቀዋል። የሚያውቃቸውን ማሽኖች ዝርዝር ከፈተች። አንድ መስመር ብቻ አለ፤ የተጻፈው ዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት። በኮምፒውተሩ ላይ ማን ከውጭ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ስታይ ግን ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ተቆርጦ ወጥቷል። ኪቦርዱን ነቀለች።

የሟቹ ሚስት ቤት ከማቆያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጎረቤቶች መጥተዋል። ሴትየዋ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ማንም ያላዘዛትን ልብስ ታጥፋለች። አጥፋ ትጨርስና ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። መርማሪዋ ይህን ታውቀዋለች፤ እሷም የእናቷን ነጠላዎች እንዲሁ አጥፋለች።

«እትዬ፣ ሰሞኑን ምን ይሠሩ ነበር?»

«ያነብ ነበር ልጄ። በስተርጅና ተማሪ ሆነብኝ። ምንድን ነው ይሄ ስለው ቁልፍ መሥራት እየተማርኩ ነው ይለኛል። ቁልፍ ሠሪ ልትሆን ነው እንግዲህ ብዬ ቀልጄበታለሁ።» እጇ ልብሱ ላይ ቆመ። «የዓይን ቀዶ ጥገና የተደረገልኝን ቀን ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ ታሽገው እሱ ቀኑን ሙሉ እጄን ይዞ ነው የዋለው። ስልኩን ነርሷ አስጠፍታዋለች። እርግጠኛ ነሽ አለኝ፤ አንተ አልነበርክም እንዴ አልኩት።»

«የጠየቁትን የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው?»

ሴትየዋ ተነስታ ከአልጋው ራስጌ ደብተር አመጣች። የእርሳስ ጽሑፍ ነው። መርማሪዋ ቆማ አነበበች።

«ልጅቷ በሞተችበት ቅዳሜ ሰርቨሩ ውስጥ በስሜ የገባው እኔ አይደለሁም። አዲስ ቁልፍ ሠራሁ። አሮጌውን ከላፕቶፔ አጠፋሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ግን አላነሳሁትም። የሚመጣ ካለ ይምጣ።» ቀኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከሥሩ የአዲሱ ቁልፍ አሻራ አለ። ኪሷ ካለው ወረቀት ጋር አስተያየችው። ከመጀመሪያው መግቢያ ጋር ይገጥማል። ከሁለተኛው ጋር አይገጥምም።

ኢንጂነሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ሸሚዙ አልተጨማደደም። ትሁት፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ሐዘኑን ገለጸ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ሰፈሬ ይመሰክራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ መመለሴ ነው።»

«የጋሼን ቁልፍ ማን ሊጠቀምበት ይችላል ይላሉ?»

«ቁልፍ እንደ ፓስወርድ ተገምቶ አይገኝም። ጋሼ የነበራቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑን ስሰጣቸው እኔው ሠርቼ የጫንኩላቸው። ከላፕቶፓቸው ወጥቶ አያውቅም።» ትንሽ አመነታ። «ጥርጣሬ መናገር አልወድም። ግን መግቢያው ከማሸጊያ አዳራሹ ነው፤ አንድ ሰው ከላፕቶፓቸው በፍላሽ ቀድቶ ወስዶት ይሆናል። እዚያ ደግሞ ማን ቂም እንዳለው ይታወቃል።»

«አንድ ቁልፍ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ቃሉን ጽፋ አስፈረመችው። ከዚያ ለፍርድ ቤት ደወለች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በማሸጊያ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ፣ አለቃው፣ ኢንጂነሩ፣ የሟቹ ሚስት። መርማሪዋ አልተቀመጠችም። የምትናገረው የሌላ ሰው ጽሑፍ የምታነብ ያህል ነበር፤ ያለ ከፍታ፣ ያለ ዝቅታ።

«ሰርቨሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ነው በሉት፣ በሰው እጅ ያለው ቁልፉ። ለአንድ ስም ብዙ ጓጉንቸር ማንጠልጠል ይቻላል፤ መዝገቡም የትኛው እንደተከፈተ ይጽፋል። ትናንት ጠዋት በሟቹ ስም የተገባው በሁለት የተለያዩ ቁልፎች ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአዲሱ፣ ሁለት ከሠላሳ ስምንት ላይ በአሮጌው። አሮጌውን ሟቹ ከሦስት ሳምንት በፊት አጥፍቶታል። ላፕቶፑን ፈትሼዋለሁ፤ የለም። ስለዚህ ሁለተኛው መግቢያ የእሱ አይደለም። ራሱን አላጠፋም።»

የሟቹ ሚስት አንገቷን ደፋች።

«መግቢያው ከዚህ ኮምፒውተር ነው። አለቃው እዚህ ስለነበረ በእሱ ላይ ያመለክታል። ግን ኪቦርድ የለውም። ቆሞ ሊጽፍበት የሚችል ሰው አልነበረም። ይህ ኮምፒውተር ትናንት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር ተዋውቋል፤ ለኔ ጥያቄ ያላቀረበውም ለዚህ ነው። ከውጭ ሆኖ መጀመሪያ እዚህ የገባ፣ ከዚህ ደግሞ ወደ ሰርቨሩ የተሻገረ ሰው አለ። አሻራውን አላውቀውም ሲለው ሳያይ አዎ ብሎት አለፈ። ኋላ የመግቢያ መዝገቡን ቆርጦ አወጣው፤ የትውውቅ ዝርዝሩን ግን ረሳው። ወደዚህ ኮምፒውተር ከሩቅ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። እሱ ጠረጴዛውን ያያል።

«ፓስወርዱን ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል» አለ።

«ይችላል። አሮጌውን ቁልፍ ግን ከየት ያመጣዋል? ከላፕቶፑ ጠፍቷል። ቅጂ የሚኖረው የሠራው ሰው ነው። ሟቹ ቁልፍ መቀየሩን ያላወቀ ሰው ነው የተጠቀመበት። እርስዎ ትናንት አንድ ብቻ ነው ብለው ፈርመውልኛል።» ስልኳን አየች። «ከሩብ ሰዓት በፊት ባልደረቦቼ ቤትዎን ፈትሸዋል። ቁልፉ በኮምፒውተርዎ ውስጥ ተገኝቷል።»

ማቀዝቀዣዎቹ ከግድግዳው ጀርባ ያጉረመርማሉ። ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ።

«የሁለተኛው ክፍል መለኪያ እየተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ይልክብኝ ነበር» አለ። ስለ የትኛው ቀን እንደሚያወራ ማንም አልጠየቀውም። «ቅዳሜ ነበር። እስከ ሰኞ ዝም እንዲል ብዬ ማስተካከያውን ሁለት ልጨምርበት አሰብኩ። ሁለት ነጥብ ዜሮ ልጽፍ ነጥቧን ሳትኩ። ሃያ ሆነ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እሷ ናሙና ልታመጣ ገባች። ስሰማ መልሼ ዜሮ አደረግሁት።»

«ለምን በጋሼ ስም?»

«የሳቸው ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። በራሴ ስም ስገባ ምክንያት ጻፍ ይሉኛል።»

«ትናንትስ?»

«ሐሙስ ሊናገሩ ነበር። በጭነት ቀን መለኪያ እንደማይዙ አውቃለሁ። ዜሮውን አይተው ከሰርቨሩ ሲወጡ ከቤቴ በኮምፒውተሬ አየኋቸው።» መነጽሩን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አርባ ሰከንድ ነው የፈጀው» አለ በመጨረሻ።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሥራ አስኪያጇ ተከትላ ወጣች።

አለቃው እንደተቀመጠ ነው። የሟቹን ሚስት ሳያያት ተናገረ።

«ጋሼ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሦስት ሳምንት።»

«ያውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ልነግረው እሄድና ከበሩ እመለሳለሁ ይለኝ ነበር፤ ምኑን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ» አለች። «ተሳስቼ ከሆነ ልጁን እህቱን ሁለት ጊዜ አስቀብረዋለሁ አለኝ። እርግጠኛ ልሁን አለ። ታውቀው የለ፣ ዝግተኛ ነው።»

አለቃው በተላጠ መዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ሴትየዋ ሳጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ የሁለት ዓመቱን ፋይል ከመዝገብ ቤት አስወጣች። የሞት ምክንያት በሚለው ሥር «ሟች ሳይፈቀድላት በራሷ ስህተት በመግባቷ» ይላል። በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከበላዩ አዲሱን ጻፈች። የቤተሰብ ፊርማ ስለሚያስፈልግ አለቃውን አስጠራችው።

ብዕሩን ተቀበለ። «ያንብቡልኝ እስቲ» አለ። «ማንበብ እችላለሁ፤ ከሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«ሟች አረንጓዴ መብራት አይታ፣ እንደ ደንቡ ገብታ፣ በሌላ ሰው ጥፋት ሞታለች» ስትል አነበበችለት።

«እንደ ደንቡ ገብታ» አለ።

«እንደ ደንቡ ገብታ።»

«አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት፤ በዚያው ድምፅ፣ ቃል ሳትለውጥ። ሦስተኛ ሲጠይቃትም ደገመችለት። ከዚያ ፈረመ።